ሜሽ አዛዡ ዶን ዊልበርት

ዋይፋይ የገባበት ሰፈር ሁሉ፣ ሳይጠራ መጥቶ የሰው ግድግዳ እያንኳኳ የሚመረምር አንድ ሰው አያጣም። የእኛው፣ የሜሪዳ ከተማው፣ ክቡር ዶን ዊልበርት ካኑል ይባላሉ። ጡረታ የወጡት ከውሃ ቆጣሪ አንባቢነት ነው፤ በዋይፋይ ላይ ማን እንደሾማቸው አይታወቅም።

ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይገባሉ። በገመድ አልጋው ላይ ያንቀላፋውን ሰው በሆዳቸው ገፍተው ያልፋሉ። ከዚያ ግድግዳውን ይደበድቡና፣ «ድንጋይ! የአያቶቻችሁ ድንጋይ ነው የጨረሳችሁ! ሜሽ ያስፈልጋል!» ይላሉ። ሜሽ የሚሉት፣ በየክፍሉ ተቀምጠው ኔትወርኩን የሚቀባበሉ ትንንሽ ራውተሮችን ነው።

ጎረቤቶቻችን ፔቾች ያላቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ሦስት አስገዟቸው። ሦስተኛው ሽንት ቤት ገባ።

«ተመስገን ነው» ትላለች የፔች ሚስት፣ «ባሌ ለኔትወርክ ብሎ ደጅ መዋል ተወ።»

ጣጣውም ይኸው ነው። ልጅ ሳለሁ ፀሐይ ስትበርድ መንገዱ ዳር ከጥግ እስከ ጥግ ወንበር ነበር፤ ሰው ለንፋስ ይወጣል፣ ጎረቤቱን ያማል። የአየር ማቀዝቀዣ በየቤቱ ሲገባ ሰዉን ደጅ ያቆየው ኔትወርክ ብቻ ሆነ። ዶን ዊልበርት አንድ ቤት ባስተካከሉ ቁጥር አንድ ወንበር ጎደለ። ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ቤታቸው ጭር ያለባቸው ሰውዬ፣ ጨዋታቸውን በገዛ እጃቸው ወደ ውስጥ አስገቡት። ማታ ማታ ደጅ የቀሩት እሳቸውና አክስቴ ሊሂያ ብቻ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ጠራቻቸው።

«ና እስቲ፣ አዋቂው! ጓዳ ሆኜ ፊልሜ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። ሜሽ ልግዛ?»

ጓዳ ገቡ። ተከትያቸው ስልካቸውን አየሁት፤ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ግድግዳውን አንኳኩ፤ በዝግታ፣ የበሽተኛ ደረት እንደሚያንኳኳ ሐኪም። እንደ ወትሮው ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ጤነኛ ግድግዳ ነው። ሜሽ አያስፈልግዎትም፣ ዶኛ ሊሂያ።»

«ታዲያ የሚቆራርጥብኝ ማነው?»

«ፊልሙ ራሱ ነው። ደጅ ሆነው ቢያዩት ይሻላል።»

እኔ ልናገር ነበር። የሰውዬውን ዓይን ሳይ አፌን ያዝኩ፤ አክስቴም ከገባች ማታ ደጅ ከማን ጋር ሊጫወቱ ነው?

አክስቴ ትኩር ብላ አየቻቸው።

«ውሸታም» አለቻቸው ቀስ ብላ። «ለፔቾችም እንዲህ ብትዋሽላቸው ምን ነበረበት?»