ያመጣው ይቅመሰው

በአገራችን ያለ ተጠራጣሪ የተቆረቆረ ሰፈር የለም። ወፍጮ ቤቱ ሊዘገይ ይችላል፣ መብራቱም እንደዚያው፤ ተጠራጣሪዋ ግን ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ጋር ጓዟን ጠቅልላ ትገባለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለእኛ ሰፈር የደረሱት ክብርት ወይዘሮ ሥራነሽ ናቸው።

እንደ መኳንንት ሳይቀመስላቸው ስለማይቀምሱ ክብርትነቱን የሰጠናቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን። ድግስ ላይ ጠላ የሚቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ማሳየቱ የቆየ ወግ ነው። ዛሬ ዛሬ ብዙው አሳላፊ ለወጉ ያህል ከንፈሩን ያረጥባል። እሳቸው ዘንድ ይህ አይሠራም። እስኪውጥ ድረስ ጉሮሮውን ይመለከታሉ። ከዋጠም በኋላ መልኩ ይለወጥ እንደሆነ ለማየት ጨዋታ ያስጀምሩታል። "ያመጣው ይቅመሰው" ይላሉ፤ ሌላ ሕግ የላቸውም።

ቅቤ ነጋዴዋን የገዛ ቅቤዋን በጣት አስልሰዋታል። በርበሬ ሻጩን፣ ምስኪን ሰው፣ ማንኪያ ሙሉ አስቅመውት እያሳለ መርቀውታል። አንድ ጊዜ የደም ግፊት ኪኒኔን ልገዛ ስሄድ አብረውኝ መጥተው ፋርማሲስቱን እስቲ አንዷን ዋጣት አሉት። ልጁ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ሌላ ፋርማሲ ሄድን።

ታዲያ እኚህ ሴት ቤት ሳይቀመስ የገባ ነገር ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ገባ። ያስገባችው ሂዊ ናት።

ሂዊ የወንድማቸው ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና በጨቅላነቷ ከደብረ ኤልያስ አምጥተው አሳደጓት፤ የወለዱት የላቸውም። ዘንድሮ ለአንድ የሉማሜ ከተማ ልጅ ታጭታለች። የሰርግ ቀሚሷን ስትለካ የሙሽራው እህት ደረቷን አየት አድርጋ ለሰፊዋ ስፖንጅ እንድትጨምርበት ነገረቻት። ሂዊ ፈገግ አለች። በሳምንቱ ይታያል ከሚባል የመዋቢያ ነጋዴ ሱቅ ጡት ያሳድጋል የተባለ የዕፅዋት ዱቄት ገዝታ፣ ልብሶቿ መሐል ደብቃ፣ በውኃ እየበጠበጠች ትጠጣው ጀመር። ቆርቆሮው ላይ ቅጠል ተስሎ "መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ" ተብሎ ተጽፏል። የምን ቅጠል እንደሆነ፣ ማን የት እንደፈጨው ግን አልተጻፈም።

ጥቂት ቆይቶ ምግብ አልበላ አላት። ራሷን ያዞራት ጀመር፤ የወር አበባዋ ተዛባ፣ ሲመጣም አልቆም አለ። ለእኔ የነገረችኝ ይኼኔ ነው። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድሁ። ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ፣ ቆርቆሮውን አገላብጦ፣ ውስጡ ያለውን በዓይን ማወቅ እንደማይችል ነገረን። እንዲህ ያለ ዱቄት ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን ሊቀላቀልበት ይችላል፤ የሻገተ እህል ተፈጭቶበት ከሆነም ከሻጋታው የሚመጣው መርዝ ራሱ ሰውነት ውስጥ እንደ ሴት ሆርሞን ሊሠራ ይችላል አለ። እንድታቆም አዘዛት። እሷ ግን መንገድ ላይ፣ ደረቷ ሞላ ሞላ ስላለላት፣ እስከ ሰርጉ ብቻ እንደምትወስደው ነገረችኝ። ምስጢሯን ለክብርት አወጣሁት።

እሳቸው አልጮሁም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቆርቆሮውን ይዘው፣ እኔንና ሂዊን አስከትለው ወደ ይታያል ሱቅ ገቡ። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና ዝናብ የገባበት ጎታ ይሸታል አሉ። ብርጭቆ ውኃ አስመጥተው አንድ ማንኪያ በጠበጡና ለይታያል ዘረጉለት።

"ያመጣው ይቅመሰው።"

"እትየ ሥራነሽ፣ ይሄ እኮ የሴት ነው።"

"ቅጠል ብቻ ነው ብለህ አይደል የሸጥህላት? ቅጠል ወንድና ሴት የሚለየው ከመቼ ወዲህ ነው?"

ይታያል ብርጭቆውን መልሶ ወደሳቸው ገፋው። እንግዲያው ለሚስትህ ስጣትና እንይ ሲሉት፣ እሷማ ታጠባለች አለ። ካፉ ከወጣ በኋላ የተናገረውን ራሱም ሰማው። ከዚያ ውስጡ ምን እንዳለ እንደማያውቅ፣ ለእሱም ከአዲስ አበባ በካርቶን እንደሚመጣለት አመነ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ስቄ እተወው ነበር። ሂዊ ግን ጉዷ አደባባይ መውጣቱ አንገበገባት። እኔ ስጠጣው ከርሜ የለም ወይ ብላ ብርጭቆውን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ወይዘሮ ሥራነሽ ቀደሟትና ወደ አፋቸው አስጠጉት።

"ከመጣሽ ጀምሮ እኔ ያልቀመስሁት ነገር አፍሽ ገብቶ አያውቅም" አሏት። "ወተቱንም፣ ሽሮፑንም ቀምሻለሁ። ይኸንም እኔ እቀድማለሁ።"

ለማስፈራራት መስሎኝ ነበር። ዓይናቸውን ሳይ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ሊጠጡት ነው። ሂዊም ገባት። ብርጭቆውን ነጥቃ ደጃፉ ላይ ደፋችው። ሰው እያየን እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። ለራሷ አንድ ቀን እንኳ ያልፈራች ልጅ ለሳቸው ፈራች።

ዱቄቱን በዚያው ተወችው። ሐኪሙ ዘንድ ተመላልሳ ደሙም ቆመላት፣ ምግብም ጣማት። ቀሚሱ ያለ ስፖንጅ እየተሰፋ ነው።

እኔ በክብርት ሥራነሽ ስስቅ ኖሬያለሁ፣ ወደፊትም ሳልስቅ አልቀርም። ግን እናቴ ካረፈች ወዲህ ለእኔ የሚቀምስልኝ ሰው የለም። ያን ቀን ከሱቁ ስንመለስ፣ ሁለቱ ተደጋግፈው ከፊቴ ሲሄዱ እያየሁ፣ በሂዊ ቀናሁ።