ለከርከሮ የሚሆነውን ጥይት ለመምረጥ የተደረገ ስብሰባ

የአዳኞችና የዒላማ ተኳሾች ማኅበር፣ የጥይት መራጭ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ የወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ። ለዘጠኝ ሰዓት ተጠርቶ አስር ሰዓት ላይ ተጀመረ።
ቦታ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው የማኅበሩ ክፍል፤ በኋላ ግን ከታች በተገለጸው ምክንያት ሌላ ቦታ።

የተገኙ፦
ሰብሳቢው (ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ)
ሥጋ ሻጩ
ሰዓት ጠጋኙ፣ በቅጽል ስማቸው «ሩቅ አይ»
ሾፌሩ (የሰብሳቢው ሚስት ወንድም)
ጸሐፊዋ፣ ያለ ድምፅ
አመልካች፦ የበቆሎ ማሳው ባለቤት

ያልተገኙ፦ ገንዘብ ያዡ፣ ከሥጋ ሻጩ ጋር ስለተኳረፉ።

ምልዓተ ጉባኤው የሚሟላው ሾፌሩ ከተቆጠሩ ነው። ሾፌሩ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር፣ ይቆጠሩ አይቆጠሩ የሚለው ካከራከረ በኋላ «ገላው እዚህ ነው፣ ሐሳቡ ድሮም አይመጣም» በሚል የሰብሳቢው አስተያየት ተቆጥረዋል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ሥጋ ሻጩ ባለፈው ቃለ ጉባኤ «ከሩቅ አይ ጋር ከመማከር ከግድግዳ ጋር መማከር ይሻላል» ብለዋል ተብሎ መጻፉን ተቃውመዋል። አላሉም ወይ ተብለው ሲጠየቁ ማለታቸውን አምነዋል፤ ነገር ግን የተናገሩት ጎናቸው ለተቀመጠው ሰው እንጂ ለቃለ ጉባኤ አልነበረም። ጸሐፊዋ ይሰረዝ እንደሆነ ጠይቃለች። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የተጻፈው እንዳለ እንዲቆይ፣ ነገር ግን ማንም እንዳያነበው ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ የአመልካች አቤቱታና የጥይት ምርጫ

አመልካቿ እንዳስረዱት፣ በቆሎው ፍሬ ይዞ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከሸለቆው ከርከሮ እየወጣ፣ ከሚበላው የሚረግጠው ይበልጣል። አምና ግማሹ ማሳ ወድሟል። ዘንድሮ ልጆቻቸው ከዚህ በቆሎ ሌላ የዓመት ቀለብ የላቸውም። ስለዚህ ዛሬውኑ አዳኝ እንዲላክላቸው ለምነዋል።

ሰብሳቢው ማኅበሩ በሙሉ ልቡ ከጎናቸው መሆኑን ገልጸው፣ በደንቡ መሠረት ግን የዓመቱ ጥይት አንድ ዓይነት ሆኖ ሳይመረጥ ማንም አባል መተኮስ እንደማይችል አስታውሰዋል። ይህ ደንብ የወጣው አምና ነው። ያኔ ሥጋ ሻጩና ሰዓት ጠጋኙ አብረው ለአደን ሲወጡ፣ ሸክም ለመጋራት ብለው አንዱ ጠመንጃውን ብቻ፣ ሌላው ጥይቱን ብቻ ይዘው ሄዱ። ጥይቱ ለአንዱ ጠመንጃ የተሠራ፣ የተያዘው ጠመንጃ ግን የሌላው ስለነበር አልገባም። ያገኟት ሚዳቋም ቆማ፣ ተጨቃጭቀው እስኪጨርሱ ጠብቃ ሄዳለች።

ሥጋ ሻጩ ሰባት ነጥብ ስድስት ሁለት ሚሊሜትር፣ ጫፉ ለስላሳ የሆነው ጥይት እንዲመረጥ ጠይቀዋል። ምክንያታቸው፣ ለስላሳው ጫፍ እንስሳው ገላ ውስጥ ገብቶ ይከፈታል፣ እዚያው ይቀራል። መዳብ የለበሰው ግን ከርከሮውን በስቶ አልፎ የማን ደጅ እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ሰዓት ጠጋኙ ስድስት ነጥብ አምስት ሚሊሜትሩን ደግፈዋል። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነፋስ ብዙ አይገፋውም፤ ስምንት መቶ ሜትር ሄዶም አቅጣጫውን አይስትም። ሥጋ ሻጩ ማሳው ስንት ሜትር እንደሆነ አመልካቿ እንዲጠየቁላቸው አሳስበዋል። አመልካቿ ሜትሩን እንደማያውቁ፣ ግን አንዱ ዳር ቆመው ሌላው ዳር ያለችውን ልጃቸውን ሳይጮሁ እንደሚያወሯት ተናግረዋል።

ሰዓት ጠጋኙ ማሳው መጥበቡ የጥይቱ ጥፋት እንዳልሆነ አሳስበው፣ አመልካቿ ማሳቸውን እንዲያሰፉ ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢው በሙያቸው የሚቻል መሆኑን አረጋግጠዋል። አመልካቿ፦ «ጋሼ፣ እኔ ማሳ ላስፋ ነው የመጣሁት ወይስ ከርከሮ ላስባርር?» ብለዋል። በጥያቄነት ተይዟል።

በዚህ ጊዜ ሾፌሩ ነቅተው፣ ወንድማማቾች በጥይት ቁጥር መጣላት እንደማይገባቸው፣ ሁለቱ ቁጥሮች ተደምረው ለሁለት ቢካፈሉ ማንም እንደማይከፋ ሐሳብ ሰጥተዋል። ጸሐፊዋ ስታሰላው ሰባት ነጥብ ዜሮ ስድስት ሆኗል። ይህ ጥይት የትኛውም አባል ጠመንጃ ውስጥ አይገባም። ሰብሳቢው ቁጥሩ ለማንም አለማድላቱን አድንቀዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ የዓመቱ ጥይት ሰባት ነጥብ ዜሮ ስድስት እንዲሆን፣ ማሳውም እንዲሰፋ፣ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። ተቃዋሚው ሥጋ ሻጩ ሲሆኑ፣ ጥይቱ የት እንደሚሸጥ ጠይቀዋል። ሲሠራ ይሸጣል የሚል ምላሽ ተሰጥቷል።

በዚህ መሐል የአመልካቿ ልጅ ስልክ ደወለች። አመልካቿ ብድግ ብለው «ወጥተዋል» አሉ። ሥጋ ሻጩ ጠመንጃቸውን አነሱ። ሰዓት ጠጋኙ፣ ጠመንጃው የያዘው ጥይት አሁን የተወሰነው እንዳልሆነ ሲያስታውሷቸው መልሰው አስቀመጡ። ሰብሳቢው ስብሰባ ተቋርጦ እንደማይኬድ አስረድተዋል። አመልካቿ፦ «እንግዲያው ስብሰባችሁን ይዛችሁ ኑ!» ብለዋል። ደንቡ ሲገለጥ ቦታ መቀየርን የሚከለክል ነገር አልተገኘም። ጠመንጃዎቹ ክፍሉ ውስጥ ተቆልፎባቸው፣ ወንበሮቹና አባላቱ በሾፌሩ የጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ ማሳው ተሄዷል።

የአጀንዳ 2 ቀጣይ፣ በማሳው ዳር

ክርክሩ መኪናው ላይ ስላልቆመ እንደገና መክፈት አላስፈለገም። ሥጋ ሻጩ፦ «አንተ ሰዓት ከመፍታት በቀር ምን ታውቃለህ? ከርከሮ ባትሪ የሚቀየርለት መሰለህ?» ብለዋል። ሰዓት ጠጋኙ፦ «አንተስ እንስሳ የምታውቀው ተሰቅሎ አይደል!» ብለዋል። ሁለቱም ከወንበራቸው ተነስተዋል። ሰብሳቢው ሥርዓት ለማስከበር የብረት ወንበር በድንጋይ መትተዋል።

ጸሐፊዋ እንደተመለከተችው፣ በዚህ ሰዓት አንድ ትልቅ ወንድ ከርከሮ ሌሎቹን አስከትሎ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ወደ ኮሚቴው ለጥቂት ጊዜ አይቶ፣ ዞሮ ወደ ሸለቆው ሮጠ። ሌሎቹም ተከተሉት። አባላቱ አንዱ ሌላውን እያዩ ስለነበር ከርከሮውን ያየ የለም።

አባላቱ ጉሮሯቸው ደርቆ ውሃ ሲጠጡ ጸጥታ ሆነ። ቁጥቋጦው እንደገና ተንቀሳቀሰ። አመልካቿ፦ «ምነው ዝም አላችሁ? ተከራከሩ እንጂ ወንድሞቼ፣ ተከራከሩ!» ብለው ጮኸዋል። ሰዓት ጠጋኙ ወዲያውኑ ስለ ነፋስ ማስረዳት ጀምረዋል። እንስሶቹ አልወጡም።

አጀንዳ 3፦ በአመልካቿ የቀረበ አዲስ ሐሳብ

አመልካቿ በቆሎው እስኪሰበሰብ ድረስ ኮሚቴው በየቀኑ አመሻሽ ላይ እዚሁ እንዲሰበሰብ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው አጀንዳው ምን እንደሚሆን ቢጠይቁ፣ «የፈለጋችሁት ይሁን፤ ብቻ እንዳትስማሙ» የሚል መልስ አግኝተዋል።

ሰዓት ጠጋኙ የብዙ ዓመት የተኩስ እውቀታቸው ለከርከሮ ማስፈራሪያ መዋሉ ስድብ መሆኑን ገልጸዋል። ሥጋ ሻጩ ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «እውነቱን ነው» ብለዋል። ሁለቱም በመገረም ዝም ሲሉ አንድ ከርከሮ አንገቱን አውጥቶ ታይቷል። ሥጋ ሻጩ ስምምነታቸውን በፍጥነት ሰርዘዋል።

ሾፌሩ ለነገ ወንበር መጫን አለባቸው ወይ ብለው ጠይቀዋል። አመልካቿ አያስፈልግም፣ ቆሞ የሚጨቃጨቅ ሰው ድምፁ ይርቃል ብለዋል።

ስብሰባው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመጨረሻው ከርከሮ ሸለቆውን ተሻግሮ ከሄደ በኋላ ለነገ አድሯል። ከመበተኑ በፊት ሰብሳቢው የሚከተለውን ለድምፅ አቅርበዋል፦ ጥይት ከተመረጠ ክርክር ያልቃል፤ ክርክር ካለቀ ከርከሮ ይመጣል። ስለዚህ የሚያከራክር ነገር እንዳይጠፋ፣ ስላለፈው ቃለ ጉባኤ፣ ስለ ማሳው መስፋትና ስለ ሰባት ነጥብ ዜሮ ስድስት የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። በቆሎው እስኪሰበሰብ ድረስም የጥይቱ ዓይነት እንዳይወሰን በሦስት ድጋፍ ተወስኗል። ሰዓት ጠጋኙ ሐሳቡን ከልባቸው እንደሚደግፉ፣ ነገር ግን ሙሉ ድምፅ ለበቆሎው አደጋ ስለሚሆን መቃወማቸውን አስመዝግበዋል።