ከበሬው ኋላ የሚዞሩት መምህር

«ለመሆኑ አንተ የት ቆመህ ነው ያየኸው?» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት፣ ሰፈርም ሆነ ዕድር በአገራችን አይገኝም። ዘነበ ብትሉት ይህንኑ ይጠይቃል፤ አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ ብትሉትም ይህንኑ። በዘጠና ስምንት ዓ.ም. በመንዝ ለመሐል ሜዳ ከተማ የደረሷት መምህር ይሥሐቅ ነበሩ።

ክቡርነታቸው በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ያስተምሩ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ጂኦግራፊ። በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ተከራይተን ስለምንኖር ማምለጫ አልነበረኝም። እኔ የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ነኝ፤ የመንዝ ብርድ አጥንቴ ድረስ ይገባል። ጠዋት እየተንዘፈዘፍኩ «ዛሬ ይበርዳል» ስላቸው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «ለማን?» ይሉኛል። በሆዴ የማልሰድባቸው ስድብ አልነበረም።

የወረዳው መምህራን ሁሉ በተሰበሰቡበት ግምገማ ላይ ሰብሳቢው «መምህር ይሥሐቅ ቀላሉን ነገር ያወሳስባሉ» ብለው ሒስ አቀረቡባቸው። እሳቸው ብድግ ብለው ሒሱን በደስታ እንደሚቀበሉ፣ ነገር ግን ገምጋሚው የት ቆመው እንዳዩዋቸው ቢገለጽላቸው እንደሚጠቀሙ አስረዱ። ይህ ሲብራራ የምሳ ሰዓት አለፈ። የጓደኞቼን አላውቅም፤ እኔ ያን ቀን ረሃብ ነው የገመገመኝ።

ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከአንድ ትምህርት ነው። በሦስት ሽቦ የሚመጣ ኮረንቲ አለ፤ የወፍጮ ዲናሞ የሚያዞረው እሱ ነው። ሦስቱ ሽቦዎች ተራ በተራ ከፍ ዝቅ ስለሚሉ፣ ቆሜ ሦስቱንም ልከታተል ያለ ተማሪ ራሱ ይዞርበታል። መምህር ይሥሐቅ እዚህ ሲደርሱ ጠመኔውን አስቀምጠው በምሳሌ ወደ ውድማ ይሄዳሉ።

«ሦስት ሰው በውድማው ዙሪያ እኩል ተራርቆ ይቁም» ይላሉ። «በሬው ሲዞር የሦስቱም ወሬ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ ነው። ከኋላው እየዞረ የሚያበራየውን ሰው ብትጠይቁት ግን በሬው የትም አልሄደም፤ ከፊቱ ነው። ስንት ክንድ ከፊት፣ ስንት ክንድ ወደ ጎን። ሁለት ቁጥር ይበቃዋል።»

ሒሳቡ ሁሉ ይኸው ነበር፤ ከዳር ቆሞ ማየትን ትቶ ከሚዞረው ጋር መዞር። አብረው እየዞሩ እንኳ ቁጥሩ አልረጋ ካለ፣ ከሦስቱ ሽቦ አንዱ ከሌሎቹ እኩል አይደለም ማለት ነው። ይህችን በየሰርጉና በየተስካሩ ሳይቀር ስለሚያስረዱ፣ ሰው አጠገባቸው መቀመጥ ይፈራ ነበር።

ከግቢያችን አጥር ማዶ የእትዬ ጌታነሽ ወፍጮ አለ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንጀራዋ እሱ ብቻ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ዲናሞው ሁለት ጊዜ ተቃጠለባት፤ ሁለቱም ጊዜ በዐቢይ ጾም፣ ሁለቱም ጊዜ ቅዳሴ በሚወጣበት በዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ገበያው ወዲያው ፈረደ፤ ቅዳሴ ሳያልቅ ስለምትፈጭ ነው ተባለ። እሷም አመነች መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ነበር የምትመለሰው። ከደብረ ብርሃን ያስመጣችው ባለሙያ በጠዋት ለክቶ ምንም ስላላገኘ ዲናሞው አርጅቷል ብሏት ሄደ። ሦስተኛው ጾም ሲገባ ዲናሞው እንደገና መጋል ጀመረ። አሁን ከተቃጠለ ወፍጮውን ሸጣ ራቤል ከተማ ያለችው እኅቷ ዘንድ ልትጠጋ ነበር።

መምህር ይሥሐቅ አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቀው፣ የኮረንቲ መለኪያቸውን ይዘው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ዱቄት እየነፋባቸው ከጠዋት ጀምሮ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ፣ ያባዛሉ። እውነቱን ለመናገር፣ የሦስቱን ሽቦ ቁጥር ጎን ለጎን አይቶ መፍረድ ይቻል ነበር፤ እሳቸው ግን ከበሬው ኋላ ካልዞሩ አያምኑም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁጥራቸው ረግቶ ዋለ። ቅዳሴ ወጣ፤ ቁጥሩ ይዋልል ጀመር። ያን ጊዜ ከወፍጮው የሚወጣውን ሽቦ ተከትለው ቤት ለቤት ለኩ።

እትዬ ጌታነሽ እጇ አይሰስትም። ቆጣሪ ለሌለው ጎረቤት መብራት ከወፍጮዋ መስመር ቀጥላለች፤ መጀመሪያ ለንስሐ አባቷ ለአባ ወልደ አማኑኤል፣ ቀጣዩ ከአባ ቤት፣ ሌላው ከዚያኛው እያለ ስድስት ቤት ደረሰ። ስድስቱም የተንጠለጠሉት ታዲያ ከሦስቱ በአንዱ ሽቦ ላይ ነው። በሌላው ጊዜ ሁሉም በየራሱ ሰዓት ያበስላል። በጾም ግን ከቅዳሴ ሲመለስ ሁሉም ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃውን በአንድ ጊዜ ይለኩሳል፤ ያ ሽቦ ይደክማል፣ ዲናሞው ይግላል። የደብረ ብርሃኑ ሰው ሲለካ አንድም ምድጃ አልተለኮሰም ነበር።

«ልቁረጥባቸው እንዴ?» አለች እትዬ ጌታነሽ።

«ማንንም አትቁረጪ። ሁለት ሁለት ቤት በየሽቦው እናደርጋቸዋለን» አሏት። ቀጥለውም ቀስ ብለው «ቅዳሴው የለበትም፣ ጌታነሽ። ምድጃ ነው» አሉ።

በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። በዚያው ሳምንት እሑድ ከቅጥሩ ገብታ አስቀደሰች።

እኔ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ከስድስቱ ቤት አንዱ የኛ ግቢ ነው። በመምህር ይሥሐቅ ክፍል ያለው አንድ አምፖል ብቻ ነው። እኔ ግን ትልቅ ምድጃ ገዝቼ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በዘጠኝ ሰዓት ለኩሼ፣ እስክተኛ እሞቀው ነበር። ወረቀታቸውን ሰርቄ አየሁት። አምስቱ ቤት በየስማቸው ተጽፈዋል፤ ከሁሉ በሚበልጠው ቁጥር ፊት ለፊት ግን «ግቢው» ብቻ ይላል።

ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ሄጄ ለእትዬ ጌታነሽ ተናዘዝኩ። ሳቀችብኝ።

«የዚያኑ ዕለት ነግረውኛል እኮ» አለች። «‹ያ ልጅ ቆለኛ ነው፣ ይበርደዋል። ምድጃውን እንዳትነኪበት› አሉኝ።»

እነዚያን ሁሉ ጠዋቶች «ለማን?» ሲሉኝ ለካ መልሱን ፈልገው ኖሯል። ስወዳቸው የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው። ወደ ቤት ተመልሼ በራቸው ላይ ቆምኩና «ዛሬ ይበርዳል» አልኳቸው።

«ለማን?» አሉ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

«ለእኔ።»

«እሱንስ አውቃለሁ» አሉና በርጩማቸውን አንሥተው ወደ እኔ ምድጃ ተከተሉኝ።