የመኪናው ፊት

ስዕልን በሕግ የሚያስተዳድር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አሰብ ሳስተምር አጋጥሞኛል፤ መምህር ጥላሁን ይባላሉ። በእሳቸው ሕግ አንደኛ ክፍል ከባድ መኪና ብቻ ይስላል፤ ሁለተኛ ክፍል ተሳቢ ይቀጥልበታል፤ መርከብ የሦስተኛ ክፍል ነው። ተሳቢ የሳለ አንደኛ ክፍል ወዮለት! የመኪናው ፊት ደግሞ የግድ ወደ እኛ ነው። ከአዲስ አበባ እየመጣ ነዋ!

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሳና መኪኖቹ ወደ ኢትዮጵያ እንደወጡ ቀሩ። ወደቡ ጭር አለ። የመምህሩ ሕግ ግን ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቀን አንዲት የሹፌር ልጅ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ስዕሏን ስታሳያቸው አጠገባቸው ነበርኩ። መኪናው ጀርባውን ሰጥቶናል።

"ፊቱ የታለ?" አሉ ተቆጥተው።

"አላየሁትም ቲቸር። አባዬ ሲሄድ ከኋላው ነው ያየሁት።"

ቀዩ እስክሪብቶ እጃቸው ላይ ቀረ። ለጀርባ ሕግ አላወጡም ነበር።