የወይዘሮ አዛለች ስፒሎች

ዳኛ ጡረታ ሲወጣ መፍረድ ይተዋል። ሾፌርም መሪውን ለሌላ ያስረክባል። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ግን ጡረታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቤት ብቻ ይቀይራል። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ሰፈሩ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው።

ዋሴ የሚባል ሰው ለሚኖርበት ሰፈር፣ ለአዘዞ፣ የደረሱት ክብርት ወይዘሮ አዛለች ናቸው። ክብርትነታቸው ሠላሳ አራት ዓመት መጽሐፍ ሲያውሱ ኖረው፣ ከስድስት ዓመት በፊት በግድግዳ ሰዓትና በጭብጨባ ተሸኙ። ሽኝቱን እንደ ዓመት ፈቃድ ቆጠሩት መሰል፣ በማግስቱ ሳሎናቸው ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ካርድ ይሞላሉ፤ የመመለሻ ቀን ይጽፋሉ፤ ማኅተም ይመታሉ። ማኅተሙ የማን እንደሆነ ደፍሮ የጠየቀ የለም።

ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ሥራ ላይ ናቸው። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር በስልክ ወደሚጮህ ሰው ዘወር ብለው፣ «ወንድሜ፣ የሚያነብ ሰው አለ» አሉት።

ሰውየው ዙሪያውን ቃኘ። «የታል?»

«አንተ ዝም ብትል ይኖር ነበር።»

ይህን ለዋሴ የነገረችው ሚስቱ ፍሬሰላም ናት። ከእትዬ አዛለች መጽሐፍ ሳትዋስ ያለፈ ወር አልነበራትም። እሷ እየሳቀች ስትነግረው እሱ፣ ማኅተሙ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን ነበር የጠየቃት።

ተኩስ ተነሥቶ መንገድ በተዘጋና ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሌላው ሰው ዘይትና ዱቄት ይገዛል፤ ወይዘሮ አዛለች ስብሰባ ይጠራሉ። የስብሰባው ሌላው አባል ከቆላ ድባ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጡረታ የወጡት አያ ሙሉቀን ናቸው። አጀንዳው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሰሞኑን የተነበበና ልብ የሚያሳርፍ መጽሐፍ።

«ይህን ሳነብ ተኩሱን አልሰማሁትም» አሉ አያ ሙሉቀን አንድ ቅዳሜ። «ሸጋ ነው። ስለ ንብ እርባታ ነው። ሰው አይሞትበትም።»

«ንቦቹስ?»

አያ ሙሉቀን መነጽራቸውን አወለቁ። «ምዕራፍ ስድስት ላይ በሽታ ይገባባቸዋል።»

«ስፒል ያድርጉበት።»

ይህ ነው ጥበባቸው። በክፉ ቀን የሚወጣ መጽሐፍ ሁሉ አስቀድሞ ይመረመራል፤ ሞት ያለባቸው ገጾች በስፒል ተያይዘው ይዘጋሉ። መጽሐፉን የተዋሰው ሰው ከሠርጉ በቀጥታ ወደ ልጁ ምርቃት ይሻገራል። አባትየው ምርቃቱ ላይ ለምን እንደሌሉ የጠየቀ ሰው ደግሞ፣ «መንገድ ተዘግቶባቸው ነው» የሚል መልስ ያገኛል። በእኛ አገር ይህን የሚጠራጠር አንባቢ የለም።

ፍሬሰላም በጥር ሞተች። ሦስተኛው ቀን ላይ ጎረቤቱ እህል ይዞ ለለቅሶ ሲመጣ፣ ክብርትነታቸው ልብ ወለድ ይዘው መጡ። ሁለት መቶ ስልሳ ገጽ፣ ዐሥራ ሰባት ስፒል፣ የመመለሻ ቀን የካቲት ሠላሳ።

ያዋሱት ሰው ግን የዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። ዋሴ የገዛ አለቃውን ደብዳቤ፣ ቁጥር የለውም ብሎ የመለሰ ሰው ነው። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀለ፤ ፖስታ ውስጥ ከተተ፤ ላዩ ላይ «17» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የተዘጉትን ገጾች በሙሉ አነበበና ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

በየካቲት ሠላሳ መጽሐፉን መለሰ።

«ሰነድ አይነካካም፣ እትዬ። ደራሲው ሴትየዋን ከገደላት ሞታለች።»

«አውቃለሁ። ሁለቴ አንብቤዋለሁ።» ስፒሎቹን መዳፋቸው ላይ ዘርግፈው ቆጠሩ፤ ፖስታውን አላመኑም። «የፍሬሰላምንስ አስመዘገብህ?»

ዋሴ አላስመዘገበም። ፍሬሰላም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ነበር የምትሠራው። ማኅደሯ እስከ አሁን በሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞች መደርደሪያ ውስጥ ነው። ከዚያ የሚወጣው የሞት ምስክር ወረቀት ሲመጣ ብቻ ነው፤ ይህን ደንብ ያረቀቀው ራሱ ዋሴ ነው። ሁለት ጊዜ እስከ ቀበሌው በር ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። አሁን አለቃው ደብዳቤ ጽፎለታል፣ በዚህኛው ላይ ቁጥር አለበት። እስከ ዓርብ ካላመጣ ማኅደሯን ሌላ ሰው ተረክቦ ይዘጋዋል።

«ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያ ምነው? የእኔን ስፒል ለመንቀል እንዲህ ጎበዝ ነህ አይደል?» አሉና ካርዱን ወደ ሳጥኑ መለሱት። «ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ቀበሌው በር ላይ ቁም። ዘግይተህ እንዳታስጠብቀኝ።»

ሐሙስ ዋሴ ሲደርስ ወረፋው ጸጥ ብሏል። ክብርትነታቸው ቀድመው መጥተው ነበርና ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው።

«የሟች ስም?» አለች መዝጋቢዋ።

ዋሴ የአለቃውን ደብዳቤ አውጥቶ ቁጥሩን አሳያት። መዝጋቢዋ ጥያቄዋን ደገመች፤ ከኋላ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

ወይዘሮ አዛለች በክርናቸው ገፋ አደረጉትና ወደ መስኮቱ ቀረቡ። ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ሰው እንኳ እንዳይሞት በስፒል የሚዋጉት ሴት፣ የፍሬሰላምን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ ጠሩ። የትውልድ ቦታዋን ጭልጋ አሉ። የሞተችበትን ቀን፣ ወርና ዓመት ተናገሩ። አንዲት ቃል አልዘለሉም፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አላደረጉም።

«አስመዝጋቢዋ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ለሟች ምኗ ነዎት?»

«አንባቢዬ ነበረች።»

መዝጋቢዋ ቅጹን አገላበጠች። ባል የሚል ቦታ አለ፤ ልጅ፣ ወላጅ፣ ጎረቤት የሚልም አለ። እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አንስታ ዋሴን አየችው።

ዋሴም ቅጹን አየ። በዐሥራ ስምንት ዓመት ሥራው ያለ ቦታው የገባ ቃል አሳልፎ አያውቅም።

«እሳቸው እንዳሉት ጻፊው፣ እህቴ» አለ።