ለመነሻ የሚሆን ጉልበት

ጡረታ የወጣ ወንድ አደገኛ ፍጡር ነው። ይህን የምለው እኔም ደጃፉ ላይ ስለቆምኩ ነው። ዕድሜ ልኩን ጠዋት ጠዋት ከቤት ሲወጣ የኖረ ሰው አንድ ሰኞ ማለዳ መሄጃ ያጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቁት ሚስቶች ናቸው። አንዱ ወጥ ቤት ገብቶ የድስት ክዳን አቀማመጥ ያርማል። አንዱ የዕድር ዳኛ ሆኖ የድንኳን ካስማ ሲያስቆጥር ይውላል። ፒያሳ ወርዶ ከመሰሎቹ ጋር ማኪያቶ እያቀዘቀዘ የዓለምን ጉዳይ የሚያይም አለ፤ ይህኛው ጉዳት የለውም፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዓለምን እንደነበረች ትቷት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዶሮ የሚያረባም ሞልቷል። ጎረቤቴ ደምሴ ግን አውሮፕላን ሠራ።

አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ሳቄን የዋጥኩት ክንፎቿን ለማውጣት ብሎ የጋራ አጥራችንን ሲያፈርሰው ነው።

ደምሴ ቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ የአውቶ መካኒክ መምህር ነበር። የከተማችንን ባጃጆች ግማሽ ያህል የሚጠግኑት እሱ ያስተማራቸው ልጆች ናቸው ይባላል፤ ባጃጆቹ መንገድ ላይ ሲቆሙ ላየ ሰው ግን ይህ ምስጋና ይሁን ክስ በቀላሉ አይለይም። ሚስቱ ጸሐይ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ጥቂት የምትናገር፣ ስትናገር ደግሞ ክፍሉን ሙሉ ጸጥ የምታሰኝ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ከእነሱ ጋር የምንጋራው አንድ አጥር ነበር፤ አሁን የምንጋራው አጥሩ የነበረበትን ቦታ ነው።

የነገሩ መነሻ አንድ ሞተር ነው። ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ ሰው ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ የስፖርት መኪና ይዞ መጣ። መኪናዋ የጎንደርን መንገድ ጥቂት ወራት ታገለችው፤ በመጨረሻ አዘዞ አንድ ጋራዥ ጓሮ ውስጥ እጇን ሰጠች። መካኒኮቹ ኮፈኗን ከፍተው ቢያዩ ፒስተን የለም። ቢፈልጉ፣ ቢፈልጉ፣ የለም። የቀድሞ መምህራቸውን ጠሩት። ደምሴ መጥቶ አየና ዝም ብሎ ቆመ። ዝም ያለው በሰሌዳ ላይ ብቻ እየሳለ ሲያስተምረው የኖረውን ነገር በዓይኑ ስላየው ነበር። ሮታሪ የሚባለው ሞተር ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ነገር የለውም፤ እንደ ሳምቡሳ ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት በአንድ ሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል፣ ሥራው ይኸው ነው። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከክብደቱ ጋር ሲተያይ የሚሰጠው ጉልበት ጉድ ያሰኛል። ደምሴ ያን ዕለት ቤቴ መጥቶ ይህች ሞተር ለመኪና የተፈጠረች አይደለችም አለኝ። ለምን እንደተፈጠረች አልጠየቅሁትም፤ ሞተሯን ከባለቤቱ ገዝቶ ጓሮው ውስጥ የአሉሚኒየም ቱቦ መቆለል ሲጀምር ሳልጠይቅ ገባኝ።

አውሮፕላኗ ከምን ከምን እንደተሠራች ብዘረዝርላችሁ አትሳፈሩባትም፤ ደግነቱ መቀመጫዋ አንድ ነው። ዓመታት ፈጀች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጸሐይ አንድም ቀን አልተቃወመች፣ አንድም ቀን አልደገፈች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጓሮውን አየት ታደርግና ቦርሳዋን ይዛ ወደ ቤት ትገባለች። ሰፈሩ ይህን ዝምታ እንደየፍላጎቱ ተረጎመው። የእኔ ባለቤት አንጀቷ ቆርጧል አለች። ሌሎች ለሽማግሌ ልትነግርበት ነው አሉ። እሷን የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። የሚስት ዝምታ ምን ጊዜም ተቃውሞ ነው ብለን ተስማምተን የምንኖር ሕዝብ ነንና መጠየቅ አላስፈለገንም።

አውሮፕላኗ ስታልቅ ችግር ተገኘ። ችግሩ ጎንደር ናት። ከተማችን ያለችው ከፍታ ላይ ነው፣ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ደግሞ እንደ ሰው የሚተነፍሰው ሲያንሰው ይደክማል። ቆላ ወርዶ የሚሰጠውን ጉልበት እዚህ ደጋ ላይ አይሰጥም። ክንፉም ቢሆን በስስ አየር ላይ ቶሎ አይደገፍም። አንዴ አየር ላይ ከወጡ በኋላ ጥቂት ጉልበት ይበቃል፣ ጭንቁ መነሣቱ ላይ ነው እያለ ደምሴ ያስረዳኝ ነበር። ሲያስረዳ ድምፁ ውስጥ ስለ ሞተር ብቻ እንደማያወራ የሚያስጠረጥር ነገር ነበረ። እኔ ስለ ሞተር ነው ብዬ ወሰድኩት፤ በእኛ ዕድሜ እንዲህ መውሰድ ይሻላል።

ስለዚህ ለመነሻ የሚሆን ጉልበት ፍለጋ ተጀመረ። መጀመሪያ ተገልብጦ ከቀረ የጭነት መኪና ላይ ቱርቦ ፈቶ አመጣ። ቱርቦ በጭሱ ግፊት እየዞረ ሞተሩን አየር በግድ የሚያጎርስ መሣሪያ ነው። ሞተሯ ጎረሰች፣ በረታች፣ ወዲያውም ጋለች። ስትግል ነዳጁ ያለጊዜው እየፈነዳ ማንኳኳት ጀመረች፤ ማንኳኳት ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ሞተር ክፉ በሽታ ነው። የሳምቡሳዋ ሦስቱ ጫፎች ላይ ቀጫጭን ማሸጊያዎች አሉ፣ እነሱን ይሰብራቸዋል። መድኃኒቱ በሚገባው አየር ላይ ውሃና አልኮል ቀላቅሎ እንደ ጉም መርጨት ነው፤ የጥንቶቹ የጦር አውሮፕላኖችም ሲነሡ እንዲህ ያደርጉ ነበር አለኝ። ይህን ሲለኝ አስተያየቱ አላማረኝም። የፋርማሲ አልኮል ለቁስል ነው አልኩት። ሳያኮርፍ ሄደና ሁለት ጊዜ የተጣራ ዳግም አረቄ ገዛ።

አረቄው በመኪና መስታወት ማጠቢያ ፓምፕ እየተገፋ ይረጫል። ሠራ! ማንኳኳቱ ጠፋ፣ ጉልበቷ ጨመረ። ጠዋት ሞተሯን ባስነሣ ቁጥር ሰፈራችን የሠርግ ማግስት ይሸት ጀመር።

የሙከራው ቦታ ትክል ድንጋይ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ያለ ሰፊ የግጦሽ መስክ ሆነ። መስኩ ሸጋ ነው፤ አንዱ ጫፉ ግን ገደል ነው። ለአካባቢው አስተዳደር የቀረበው ማመልከቻ «የሩጫ ሙከራ» ስለሚል አትሌቶች ይመጣሉ ብለው የጠበቁም ነበሩ። በመስኩ ላይ ቃላቸው የሚሰማው አያ ጫኔ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ናቸው። የሙከራው ዕለት ከጸሐይና ከሰፈሩ ሰው ጋር መስኩ ላይ ስንደርስ አውሮፕላኗን ዞሯት፣ የክንፏን ሸራ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፣ ከዚያ ደምሴን ጠየቁት፤

«ልጄ፣ የምትነሣው ከገደሉ በፊት ነው ከገደሉ በኋላ?»

በፊት ነው አላቸው። «ሸጋ» አሉና ከብቶቹን ዳር አስያዙ።

ደምሴ ሞኝ አይደለም። ከመስኩ አጋማሽ ላይ እንጨት ተክሎ ነጭ ጨርቅ አሰረበት። ጨርቁ ጋ ስደርስ ጎማዬ ከመሬት ካልተላቀቀ ነዳጁን ዘግቼ እቆማለሁ፣ አንድ እርምጃ አልጨምርም ብሎ ሁላችንም ፊት ተናገረ። ጸሐይም ሰማች። ሰምታ ስታበቃ ነጠላዋን አስተካክላ በመስኩ ላይ መራመድ ጀመረች። ጨርቁ ጋ የምትቆም መስሎን ነበር። ጨርቁን አልፋ ሄደች። እያየናት እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ ገደሉ አፍ ላይ፣ በአውሮፕላኗ መንገድ ትክክል፣ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ቆመች።

ሁላችንም ገባን። በጨርቁ አላመነችም። ባሏ በዚያች ሰዓት ጉጉቱ ከቃሉ እንደሚበረታ ታውቃለች፤ ስለዚህ ራሷን ሁለተኛ ጨርቅ አደረገች። ወይ በላይዋ ያልፋል፣ ወይ ይቆማል። አያ ጫኔ ሰው ልከው ሊያስመልሷት ነበር። ደምሴ ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ «ተዋት» አለ። አውሮፕላኗ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ሞተሯን አስነሣ።

ያን ድምፅ ሳልሰማው ብቀር ይቆጨኝ ነበር። የጭነት መኪና ማጓራት አይደለም፤ ሳይቋረጥ የሚወጣ ቀጭን ጩኸት ነው። አውሮፕላኗ ሣሩ ላይ እየተንገጫገጨች ሮጠች፣ ፈጠነች፣ ጅራቷን አነሣች። ጨርቁ ጋ ስትደርስ በጎማዋና በመሬቱ መካከል ብርሃን ታየ። ቀጭን ብርሃን ነው፣ ግን ብርሃን ነው። አያ ጫኔ በቀስታ «ተነሣ» አሉ፤ ለራሳቸው ነው የተናገሩት። ከፍ አለች። ወደ ጸሐይ ሄደች። ጸሐይ ንቅንቅ አላለችም፤ እጆቿን ብቻ ወደ ፊቷ አነሣች። ዓይኗን የሸፈነች መሰለን።

ጩኸቱ በድንገት ጸጥ አለ። ደምሴ ነዳጁን ዘግቶታል። አውሮፕላኗ ዝርግፍ ብላ ወረደች፣ የአንዱ ጎማ እግር ተሰበረ፣ በክንፏ ሣር እያረሰች ዞረችና ከሚስቱ ትንሽ ወዲህ ቆመች። ሮጠን ስንደርስ ወርዶ ቆሟል፣ አፍንጫው ይደማል። ጸሐይ በነጠላዋ ጫፍ ደሙን እየጠረገች ሌላ ቦታ ተጎድቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አልተጎዳሁም አላት። ከዚያ ጎንደር እስክንገባ አንዳቸውም አልተነፈሱም።

ለብዙ ቀናት ደምሴ ሆዱ ሻክሮ ሰነበተ። ተነሥቼ ነበር እኮ ይለኛል፤ በላይዋ አልፍ ነበር፣ እሷ ባትቆም ኖሮ ይለኛል። እኔም እንደ ጨዋ ጎረቤት እውነት አለህ እያልኩት ሰነበትኩ፤ ጸሐይን ግን የጠየቃት አልነበረም።

ኋላ ሞተሯን ፈታት። አንድ ከሰዓት በኋላ ከጸሐይ ጋር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን ሳለ መዳፉ ላይ የሆነ ነገር ይዞ መጣ። ከጫፍ ማሸጊያዎቹ አንዱ ነው፤ ለሁለት ተሰብሯል። አረቄውን የሚረጨው ቱቦ አፉ በአተላ ተደፍኖ ኖሯል፤ ጉሙ ከሩጫው መካከል ላይ ቆሟል፣ ሞተሯ ማንኳኳት ጀምራ ነበር፣ እሱ በጩኸቱ መሐል አልሰማም። ጥቂት ቢቀጥል ሞተሯ የምትሞተው ገደሉ ላይ ነበር። ደምሴ ምስጋና ከአፉ ቶሎ የሚወጣ ሰው አይደለም፤ ያን ቀን ግን ሚስቱ ፊት ቆሞ፣

«እዚያ ባትቆሚልኝ ኖሮ ዛሬ የለሁም» አላት።

ጸሐይ የተሰበረውን ብረት አየችው፣ ቀጥላ እሱን አየችው።

«ላስቆምህ አይደለም የቆምኩት።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ?»

«በላዬ ስታልፍ ከሥር ልቀርጽህ ነዋ። ስልኬን አንሥቼ አላየኸኝም? ጨርቁ ጋ ገና ዝቅ ብለህ ነው የምትሆን፣ ጫፉ ላይ ከፍ ትላለህ ብዬ ነው ያን ያህል የሄድኩት።»

እኔ የግቢያቸውን የኮክ ዛፍ በጥሞና መመልከት ጀመርኩ። ደምሴ ዱካ ስቦ ተቀመጠ።

«እንደምነሣ እርግጠኛ ነበርሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

«አንተ አልነበርክም?»

የተሰበረውን ማሸጊያ ኪሱ ከተተ። መስኩ ላይ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ፣ አብራሪውን ጨምሮ፣ ያች አውሮፕላን እንደምትበር ያልተጠራጠረች እሷ ብቻ ነበረች። እኛም ሁላችን አንዲት ሚስት ባሏ መንገድ ላይ የምትቆመው ለመከልከል ካልሆነ ለሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብለን አላሰብንም።

በአውሮፕላኗ የተነሣ ጸሐይ ስትቆጣ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዓመታት ሙሉ ጓሮዋን በቱቦ ሲሞላ፣ አጥር ሲያፈርስ፣ ግቢዋን አረቄ አረቄ ሲያሸት አልተቆጣችም፤ ልትነሣ እንደምትችል አላመንክም ብላ ግን አኮረፈች። ደምሴም ተለማመጣት። በሕይወት በመትረፉ ይቅርታ ሲጠይቅ ያየሁት ባል እሱ ብቻ ነው።

አሁን ታርቀዋል። አዲሱ ማሸጊያ ከውጭ እስኪመጣ እየጠበቁ ነው። ትናንት ፖስታ ቤት በር ላይ አገኘኋት፤ ቦርሳዋን ይዛ ከትምህርት ቤት ቀጥታ መምጣቷ ነው። ደርሶ እንደሆነ ልትጠይቅ ገብታ ነበር። አልደረሰም። እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ቸልተኞች ናቸው ብላ ተቆጣች።