ቀይ በቀይ

መኪናችሁን የጠገነላችሁ ሰው እሱ ብቻ የሚፈታው እንቆቅልሽ አድርጎባችሁ ያውቃል? የኛ ሰይድ እንደዚያ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ እዚህ የመን፣ ኤደን ከተማ፣ ክሬተር የሚባል ሰፈር፣ አንድ ጋራዥ አብረን እንሠራለን። የአለቃችንን አሮጌ ጂፕ ሲያድስ ሽቦውን በሙሉ፣ ከመብራቱ እስከ ክላክሱ፣ ቀይ በቀይ አደረገው። የትኛው የምን እንደሆነ የሚያውቁት አላህና እሱ ብቻ ናቸው።

ባለፈው ወር አለቃችን፣ "ኢቃማ የሌለው ሠራተኛ ጣጣ ያመጣብኛል፤ ያላ፣ ውጣ!" ብሎ አባረረው። ኢቃማ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ሰይድ የለውም፣ እኔም የለኝም። በማግስቱ የጂፑ ፍሬቻ እምቢ አለ። ሌላ ኤሌትሪክ ሠሪ መጥቶ ሲነካካው ጭራሽ ፍሬቻው ሲነካ ክላክሱ ይጮህ ጀመር። አለቃችን በየመታጠፊያው እያስጮኸ፣ ሙሽራ እንዳጀበ ሰው ክሬተርን ዞራት። በሦስተኛው ቀን ራሱ ደወለ፤ "ሰይድ፣ ወላሂ ያላንተ አይሆንም፤ ና!"

ሰይድ ሲመለስ፣ "ምናለ ሌላ ቀለም ብትቀላቅልበት?" አልኩት። የመሣሪያ ሣጥኑን ከፈተልኝ። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ሽቦ ጥቅልል ሙሉ ነው።

"የኔ ኢቃማ ቀዩ ነው፣ ወንድሜ" አለኝ።

ልቆጣው አስቤ ተውኩት። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ ደግሞ የተበሳበትን ቦታ ለመጣው ሁሉ እያፏጨ ይናገራል።